ንጉሡን የሚሸከሙ ትከሻዎች

«አትነቃነቅ አልኩህ! ጆሮህን ብቆርጠው ንጉሡ ባለ አንድ ጆሮ ተሸካሚ ምን ያደርግለታል?»

ባኪ ትንፋሹን ያዘ። የነሐሱ ምላጭ ከግንባሩ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ማጅራቱ ወረደ፤ ጥቁር ጸጉሩ ጭኑ ላይ ተበተነ። አባቱ ፓሸዱ ግድግዳውን ተደግፎ አንድ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሏል። ትናንት ጠዋት ጊንጥ የነደፈው ያ እግር የውኃ አቁማዳ አክሏል፤ ንጉሡን ዛሬ በሱ ፈንታ የሚሸከመው ባኪ ነው።

«በል አሁን ተጉመጥመጥ» አለው ሲጨርስ፣ የጨው ውኃ የያዘውን ጽዋ እያቀበለው። «ሦስት ጊዜ። ዛሬ ከዚህ አፍ ሐሰት እንዳይወጣ።»

ባኪ ተጉመጠመጠ። ጨው ምላሱን አቃጠለው። ሐሰት አልተናገረም፤ ማንም ስላልጠየቀው ዝም ነው ያለው። ዝም ማለት ሐሰት ይሁን አይሁን ሲያወጣ ሲያወርድ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል።

«አባዬ፣ ንጉሡ መልስ ሲሰጥ... እንዴት ነው የሚታወቀው?»

«ይታወቃል።»

«እናንተ ናችሁ የምትገፉት?»

ፓሸዱ ምላጩን በጨርቅ ጠረገ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየበት። «ሃያ ዓመት ተሸክሜዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «አንድም ቀን ገፍቼ አላውቅም። ወደ ፊት ስሄድ ግን ብዙ ቀን ራሴን አግኝቻለሁ። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።»

መንደራቸው ከዚህ ሌላ ሥራ የላትም። ከተራራው ማዶ፣ ሣር በማይበቅልበት ሸለቆ፣ ነገሥታቱና ንግሥታቱ ይተኛሉ፤ የመንደሩ ሰው ደግሞ መኝታቸውን ይቆፍራል፣ ይለስናል፣ ይስላል። አዲስ ንጉሥ ዙፋኑ ሳይሞቅለት መቃብሩ ይጀመርለታል፤ በዚህም ንጉሡ ራሱ አይከፋም፤ ቁፋሮው ሲዘገይ ነው የሚቆጣው። ባኪ በልጅነቱ ምሳ ለማድረስ ተራራውን ሲሻገር ጆሮውን ድንጋዩ ላይ ይለጥፍ ነበር። ነገሥታቱ ከታች ሆነው ሲያወሩ የሚሰማ ይመስለዋል። አንዷ ንግሥት ሌላዋን «የኔ ጣሪያ ከዋክብት ካንቺ ይበዛሉ» ስትላት፣ አንድ ሽማግሌ ንጉሥ «እባካችሁ አስተኙን» ሲል። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶትም ሰው ካላየው አሁንም ጆሮውን ይለጥፋል።

ከነዚያ ሁሉ ግን የመንደሩ የራሱ የሆኑት ሁለት ናቸው፤ ንጉሥ አሜንሆቴፕና እናቱ ንግሥት ነፈርታሪ። መንደሯን የተከሏት እነሱ ናቸው ይባላል። ከሞቱ ዘመን ቢያልፋቸውም ሞቱ የሚል ሰው የለም። በየቤቱ ግድግዳ ላይ አሉ፤ እሱ በቀይ፣ እሷ እንደ ወንዝ ጭቃ በጠቆረ ፊት። አህያ ቢሰረቅ፣ ጎረቤት የጎረቤቱን አጥር ቢገፋ፣ ባልና ሚስት ቢካሰሱ፣ ጉዳዩ በበዓሉ ቀን ለንጉሡ ይቀርባል። ስምንት ሰዎች ምስሉን በወሳንሳ፣ ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ባሉት ቃሬዛ፣ ተሸክመው ይወጣሉ፤ ጸሐፊው ይጠይቃል። ንጉሡ ወደ ፊት ከሄደ «አዎ» ነው። ወደ ኋላ ካለ «አይደለም» ነው። ከዚያ በኋላ ይግባኝ የለም።

የዛሬው ጥያቄ ስለ እትዬ ሁነሮ ነው።

እትዬ ሁነሮ ዓይነ ስውር ናት። ባሏ የመንደሩ ዋና ሠዓሊ ነበር፤ ባኪና ጓደኛው ኢፑይ ብሩሽ መያዝ የተማሩት ከሱ ነው። ከመሞቱ በፊት በቤቱ መግቢያ ግድግዳ ላይ ንግሥት ነፈርታሪን ሣለላት፤ ሰማያዊ ዘውድ ደፍታ፣ አበባ ይዛ። ሁነሮ ጠዋት ጠዋት በእጇ እየዳሰሰች ትሳለማታለች። እንዲህ ስትዳስስ ስትዳስስ ዘውዱ አልቆ ባዶ ልስን ሆነ። እሷ ግን አታይም። «ዘውዷ ሰማያዊ ነው አሁንም?» ብላ የገባውን ሁሉ ትጠይቃለች። የገባውም ሁሉ «ምን ጥያቄ አለው፣ እትዬ! ሰማይ ነው የሚመስለው» ይላታል። መንደሩ ለአራት ዓመት እንዲህ በፍቅር ዋሻት።

ከዘጠኝ ቀን በፊት ኢፑይ «እውነት እናድርገው» አለ።

ሐሳቡ እንደ ውኃ የጠራ ነበር። ኢፑይ ድቡልቡል ሰማያዊ ቀለም በመቀነቱ ሸሽጎ ከንጉሥ መቃብር አወጣ። ሁነሮ ወደ ልጇ መቃብር ዳቦ ልታኖር ስትሄድ ባኪ በሩ ላይ ቆመ፤ ኢፑይ ገባ። ዘውዱን ቀባ። ሲያልቅ ባኪ አንገቱን አስግጎ አየ፤ ንግሥቲቱ ገና አሁን ከእንቅልፏ የነቃች ትመስላለች።

ስሕተቱ አፈጫጩ ላይ ነበር። ለሰው ቤት የሚሆን ሰማያዊ ልሞ ይፈጫል፣ ይገረጣል። የነገሥታት ሰማያዊ ግን ሻካራ እንደሆነ ይቀራል፤ ብርሃን ሲያገኘው ያብለጨልጫል። ኢፑይ ደግሞ መፍጨት የተማረው መቃብር ውስጥ ነው፤ ሌላ አፈጫጨት አያውቅም። በሁለተኛው ቀን የመንደሩ አለቃ ሚስት ሽንኩርት ልታደርስ መጥታ በሩን ወለል አድርጋ ስትከፍት ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ አረፈች። ዘውዱ ነደደ። ሴትዮዋ እዚያው ጮኸች።

ከንጉሥ መቃብር የወጣ ቀለም ተራ ስርቆት አይደለም። እትዬ ሁነሮን «ማን ነው የቀባልሽ? ቀለሙን ማን አመጣልሽ?» ብለው ቢያፋጥጧት፣ «ንግሥቲቱ ናት። ተኝቼ ሳለ መጣች፣ ራሷን አሳመረች» አለች። ሌላ ቃል አጡባት። ንጉሡ ዛሬ ጥፋተኛ ካላት ከመንደር ትወጣለች። ወደ ወንዙ ወርዳ፣ ማንንም በማታውቅበት፣ በጨለማዋ ውስጥ።

ባኪ አዲሱን በፍታ ታጥቆ ሲወጣ ኢፑይ ከውኃ ጋኖቹ ጥላ ስር ቆሞ ጠበቀው። እሱም ተላጭቷል፤ ራሱ እንደ ዱባ ያብለጨልጫል። በቀኝ በኩል የፊተኛው ተሸካሚ ነው፤ ባኪ ደግሞ በግራ። ይህን ቀን ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ መጥረጊያ በትከሻቸው እያደረጉ ሲለማመዱት ኖረዋል።

«አማረብህ» አለው ኢፑይ። «አባትህ ግማሽ ጆሮ እንኳ አያስቀርልህም ብዬ ነበር።»

ባኪ አልሳቀም። «እንንገራቸው።»

«አብደሃል እንዴ?»

«ኢፑይ፣ ሴትዮዋን ሊያባርሯት ነው።»

«ማንም አያባርራትም! ስማኝማ። ዓይነ ስውር ናት፣ አሮጊት ናት። ንጉሡ ‹አዎ› ቢልም አለቃው ይምራታል፤ ሚስቱ ራሷ አልቅሳ ታስምራታለች። እኛን ግን ማን ይምረናል? ድንጋይ ፈላጭ ያደርጉናል። በረሃ ለበረሃ! ብሩሽ በሕልምህ ነው የምታየው።»

«ንጉሡ ‹አይደለም› ቢልስ?»

ኢፑይ ዙሪያውን ቃኘ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንተ ልጅ፣ አሁንም ድረስ አታውቅም? ባለፈው በዓል አጎቴን ተክቼ ገብቻለሁ። አይንቀሳቀስም፣ ባኪ። ጠብቄው ነበር፤ በአሙን እምላለሁ፣ ልቤ እስኪቆም ጠብቄው ነበር። እንጨት ነው። አንዱ ደገፍ ሲል ሌላው ይከተላል፤ በቃ። ‹አይደለም› ከተባለ ጸሐፊው የየቤቱን ስም መጥራት ይጀምራል። የኔን ቤት፣ ያንተን ቤት። ስለዚህ በመጀመሪያው ጥያቄ ማለቅ አለበት። እኔ እገፋለሁ። አንተ ዝም ብለህ ተከተለኝ።»

ባኪን ከሁሉ የጎዳው ስለ ሴትዮዋ የተባለው አልነበረም። «እንጨት ነው» የሚለው ቃል ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ያሳደገው ነገር በአንድ ቃል ጎኑን እንደተመታ ሆነ፤ ለዚያ ደግሞ አፈረ፤ የሰው ሕይወት እያለ ለራሱ ሕልም ማዘኑ አሳፈረው።

ወደ መቅደሱ በሚወስደው መንገድ የሁነሮ በር ክፍት ነበር። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ያላትን አንድ ደህና ልብስ በጣቶቿ ታስተካክላለች። አልፏት ሊሄድ አልቻለም።

«ባኪዬ» አለች፣ ገና ሳይናገር።

«እንዴት አወቅሽኝ፣ እትዬ?»

«ግራ እግርህን ትጎትታለህ። ያኔም ትጎትት ነበር፣ አሁንም ትጎትታለህ።»

«ያኔ» ስትል የትኛውን ጊዜ እንደሆነ አላለችም። ባኪ ጎንበስ ብሎ ፊቷ አጠገብ ደረሰ። «እትዬ ሁነሮ፣ የምነግርሽ ነገር...»

እጇን ዘርግታ አየሩን ዳሰሰች፣ ከዚያ አፉን አገኘችና በመዳፏ ሸፈነችው። መዳፏ የገብስ ዱቄት ይሸታል። «ምንም አትንገረኝ። ዛሬ ንጉሡን የምትሸከም ልጅ ነህ። አፍህ ተጉመጥምጧል። ንግሥቲቱ ናት ብያለሁ፤ በቃ ንግሥቲቱ ናት።»

«ግን ቢያባርሩሽ...»

«ሂድ፣ ይረፍድብሃል» አለችና ገፋ አደረገችው። ከዚያ ፊቷ በፈገግታ ተጨማደደ። «ደግሞስ ጣቴን ስሰድ ዘውዷ ሻከር አለኝ እኮ። ስንት ዓመቴ! ባሌ ሲቀባትም አዲሱ ቀለም ለጣቴ ትንሽ ይሻክር ነበር። ሲዋሹኝ እንደኖሩ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሂድ አሁን።»

ባኪ ሄደ። እያወቀች ነው። ገና ከመጀመሪያው እያወቀች ነው ዝም ያለችው። ይህን እያሰበ ከመቅደሱ ግድግዳ ስር ደርሶ ተደግፎ ተቀመጠ።

ተሸካሚዎቹ ፀሐይ እስክትዘቅዝቅ በመቅደሱ የፊት ክፍል ጥላ ውስጥ ይቆያሉ። ማውራት ክልክል ነው። በግማሽ ብርሃኑ ውስጥ ንጉሡ ወሳንሳው ላይ ተቀምጧል፤ ከወገቡ በታች ጨለማ ውጦታል፤ የወርቁ ፊት ብቻ አለ። ከውጭ የሴቶቹ ጸናጽል ይሰማል፤ ሩቅ ነው፣ ዝናብ በማያውቅ አገር የሚዘንብ ዝናብ ይመስላል። ባኪ ዓይኑን ጨፈነ።

ደረጃ ነበር፤ ወረደ። ጣሪያው ሁሉ ቢጫ ኮከብ ነው። ነገሥታቱና ንግሥታቱ ግድግዳውን ታከው ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ውኃ ጭነው የሚመጡትን አህዮች የሚጠብቁ ጎረቤታሞች እንጂ ነገሥታት አይመስሉም። አንዱ ጫማው ጠብቦታል። አንዲት ንግሥት በቀስታ ታዛጋለች። ባኪ ደስ ብሎት «እንደምን ዋላችሁ?» አላቸው። ሁሉም ዞር አሉ፤ ከንፈራቸው ግን በነጭ ልስን ተደፍኗል፤ ባኪ ራሱ እንደለሰነው ሁሉ የጣቶቹ አሻራ ይታያል። ጥቁር ፊት ያላት ንግሥት ተነሥታ ወደ እሱ መጣች። አልተቆጣችም። አንዲት ቀዝቃዛ ጣቷን ከንፈሩ ላይ አሳረፈችና የሆነ ነገር እንደምትጠብቅ ዝም ብላ ቆመች።

«ተነሥ፣ ልጄ» አለው ጋሽ ካሃ በጆሮው። «ፀሐይዋ ዞራለች።»

ጋሽ ካሃ ከባኪ ኋላ የሚሸከም፣ ጥርሱ ያለቀ ልስን ሠሪ ነው። ስምንቱም እንጨቶቹ ስር ገቡ። «አንድ፣ ሁለት...» ንጉሡ ተነሣ።

ባኪ ክብደቱን እንዲህ አልጠበቀውም። እንጨቱ ትከሻው ላይ ሲያርፍ አጥንቱ ጮኸ። በሩን ሲወጡ ብርሃኑ ዓይኑን መታው፤ ጸናጽሉ፣ እልልታው፣ የአቧራው ሽታ አንድ ላይ ተደባለቀ። የመንደሩ ሰው ሁሉ አደባባዩ ላይ ነው፤ ሕፃናት በጣሪያ ላይ ተሰቅለዋል። አባቱም በዱላ ተደግፎ፣ ያበጠ እግሩን አንጠልጥሎ ቆሟል፤ ልጁን ሲያይ አገጩን ቀና አደረገ። እንዲያ ኮርቶ አይቶት አያውቅም።

እትዬ ሁነሮ አደባባዩ መካከል ምንጣፍ ላይ ለብቻዋ ተቀምጣለች።

ጸሐፊው ጥያቄው የተጻፈበትን ገል ከፍ አደረገ። ጸናጽሉ ቆመ። «ጌታችን ሆይ፣ የመንደራችን ንጉሥ! ከመቃብር የወጣውን ሰማያዊ ቀለም ያስወጣችው ሁነሮ ናት?»

ዝንብ የባኪን አፍንጫ ዞረ። ባኪ ሙሉ ሰውነቱን ጆሮ አደረገ፤ ድንጋይ ላይ ጆሮውን እንደሚለጥፈው፣ አሁን ደግሞ በትከሻው አዳመጠ። እባክህ፣ አለ በልቡ። አንተ ተንቀሳቀስ። አንተ ከተንቀሳቀስክ እኔ ምንም ማድረግ የለብኝም።

እንጨቱ ወደ ፊት ተሳበ።

ልቡ ዘለለ። ወዲያው ግን ከቀኝ በኩል የኢፑይን ትንፋሽ ሰማ፤ ሸክም የሚገፋ ሰው ትንፋሽ ነው። «ግፋ» ይላል በጥርሱ መካከል። ከኋላ ያሉት ሽማግሌዎች ተከተሉ፤ ክፋት የለባቸውም፤ ዕድሜ ልካቸውን የተሳበውን ሲከተሉ ነው የኖሩት። አንድ እርምጃ። «ሄደ!» ብሎ ጮኸ አንድ ሰው ከሕዝቡ። «ሄደ! ወሰነባት!»

ባኪ ተረከዙን አሸዋው ውስጥ ተከለ።

ወሳንሳው ተንገጫግጮ ቆመ። ንጉሡ ከላይ ተወዛወዘ፤ ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ሳቡ። ኢፑይ ገፋ፣ ባኪ ያዘ። የሁለቱም ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ ፊታቸው ግን ወደ ፊት ብቻ ነው የሚያየው። ጸሐፊው ግራ ተጋባ። «ጌታችን አልወሰነም» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «ደግሜ እጠይቃለሁ።»

አሁን ባኪ እንደሚችል ገባው። ትንሽ ወደ ኋላ ደገፍ ቢል ጋሽ ካሃ ይከተለዋል፤ ሌሎቹም ጋሽ ካሃን ይከተላሉ። ሁነሮ ትድናለች። ከዚያስ? ጸሐፊው የቤቶቹን ስም መጥራት ይጀምራል፣ ኢፑይ በሆነ ሰው ቤት ስም ይገፋል፤ የውኃ ቀጂው ይሁን የአጣቢው፣ ለኢፑይ ልዩነት የለውም። ሌላ ሰው ምንጣፉ ላይ ይቀመጣል። ንጉሡ ደግሞ እንደ ወሰዱት ይሄዳል፤ እንዳስቀመጡት ይቀመጣል።

«ጌታችን ሆይ!» ብሎ ጀመረ ጸሐፊው።

«አይደለችም» አለ ባኪ።

ከወሳንሳ ስር ድምፅ ወጥቶ አያውቅም። ሕዝቡ ንጉሡ የተናገረ መሰለው። መጀመሪያ ከፊት ያሉት ወደቁ፣ ከዚያ የኋላዎቹ፤ ጣሪያ ላይ ያሉት ሕፃናት እንኳ ፊታቸውን ሸፈኑ። ጸሐፊው ገሉ ከእጁ ወድቆ ተሰበረበት፤ እሱም በግንባሩ ተደፋ። አደባባዩ ሙሉ ጀርባ ብቻ ሆነ። ምንጣፉ ላይ ያለችው ሁነሮ ብቻ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«ባኪ!» አለ ኢፑይ በሹክሹክታ። ድምፁ በደስታ ሊፈነዳ ነው። «አንተ ጉደኛ! ቀጥል! ‹ንግሥቲቱ ናት የቀባችው› በል! ያምኑሃል፣ በቃ ያልቃል!»

እውነቱን ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የቀረው። ሁነሮ ቤቷ ትገባለች፣ ኢፑይ ብሩሹን ይይዛል፣ ማንም ድንጋይ አይፈልጥም። መንደሩ ንጉሡ በአንደበቱ የተናገረበትን ቀን ለልጅ ልጅ ያወራል። የሚጎዳ ሰው የለም። ባኪ አፉን ከፈተ። ከዚህ በኋላ ግን በየበዓሉ ንጉሡን ባየ ቁጥር የራሱን ድምፅ እንደሚሰማ አወቀ። በቀረው ዕድሜው ሁሉ ድንጋይ ላይ ጆሮውን ቢለጥፍ፣ ከታች የሚያወራው ራሱ ባኪ ብቻ ይሆናል።

«ተነሡ» አለ። ድምፁ ቀጠነበት። «ንጉሡ አይደለም። እኔ ነኝ። የፓሸዱ ልጅ፣ ባኪ።»

አንድ ራስ ተነሣ፤ ከዚያ ሌላ። ጉርምርምታ ጀመረ። አባቱ ዱላውን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ንጉሡ ምንም አላለም» አለ ባኪ፤ አሁን ማልቀስ ጀምሯል፣ እንባውን የሚጠርግበት እጅ ግን የለውም። «እኔ ነኝ የምለው። እትዬ ሁነሮ ቀለም አላስወጣችም። ዘውዱ ሲቀባ ቤት አልነበረችም። በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ የነበርኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ቀን ዝም ብያለሁ።»

«የተረገምክ!» ብላ ጮኸች የአለቃው ሚስት። «በዚህ አፍህ ነው ንጉሡን የተሸከምከው?»

ጸሐፊው አቧራውን ከጉልበቱ እያራገፈ ተነሣ። በሕዝብ ፊት በግንባሩ መደፋቱ ሳያንገበግበው አልቀረም። «በሩ ላይ አንተ ከነበርክ» አለ ጥርሱን ነክሶ፣ «ውስጥ የነበረው ማን ነው?»

ባኪ ወደ ቀኝ አልዞረም። የኢፑይ ትንፋሽ ቆሟል።

«ተናገር እንጂ!»

«የራሴን ተናግሬያለሁ» አለ ባኪ። «የሌላውን ባለቤቱ ይናገር።»

«ልጄ» አለ ጋሽ ካሃ ከኋላው፣ ድምፁ ከቁጣ ይልቅ ድካም ነበረበት፤ «እንዲህ ያለ ነገር በሠላሳ ዓመቴ አላየሁም። ጥያቄው ሳይመለስ ንጉሡን መሬት ማሳረፍ አይቻልም፤ ታውቃለህ። እዚሁ እንደርቃለን።»

«እንድረቅ» አለ ባኪ።

ቆሙ። ፀሐይዋ በተላጨ አናታቸው ላይ ወረደች። ጸሐፊው አንድ ጊዜ ባኪን፣ አንድ ጊዜ ሌሎቹን ተሸካሚዎች ያያል። ከሕዝቡ መካከል የሚስቅም፣ የሚሳደብም አለ፤ አንዱ «ኧረ ሽማግሌዎቹን ገደላችኋቸው!» ይላል። ፓሸዱ ልጁን አላየም፤ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ያ ቀና ብሎ የነበረው አገጭ ወርዷል፤ ባኪን ከእንጨቱ ይበልጥ የከበደው እሱ ነው።

ከቀኝ በኩል እንጨቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በመጀመሪያ በጥቂቱ፣ ከዚያ ንጉሡ ራሱ ከላይ እስኪርገበገብ ድረስ። ባኪ አሁን ዞሮ አየ። ኢፑይ ከንፈሩን ነክሷል፤ አገጩ እንደ ሕፃን ይንቀጠቀጣል።

«ጋሽ ካሃ» አለ፤ ድምፁ ተሰንጥቋል። «ልውጣ... አንዴ ልውጣ።»

ከእንጨቱ ስር ሸርተት ብሎ ወጣ። ወሳንሳው ወደ ቀኝ አጋደለ። «ያዙት!» አለ ጋሽ ካሃ፤ ሰባቱም ተረባርበው ያዙት፤ የኢፑይ ድርሻ ለሁሉም ተካፈለ፤ እንጨቱ የባኪን ትከሻ ቆዳ ገፈፈው። ኢፑይ አደባባዩን አቋረጠ። የሚሄድበት እንደጠፋው ሰው ሁለት ጊዜ ቆም አለ። ከዚያ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተንበርክኮ ግንባሩን የሁነሮ እግር ላይ ደፋ።

የሚናገረው አይሰማም፤ የሚታየው የሚርገበገብ ጀርባው ብቻ ነው። ሁነሮ እጇን ዘርግታ ፈለገችው፣ የተላጨ ራሱን አገኘች፣ ወዲያ አልገፋችውም።

«በቃ፣ መልሱ ታወቀ» አለ ጸሐፊው። «አውርዱት።»

ሽማግሌዎቹ እፎይ ብለው ጉልበታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ባኪ ግን አላጠፈም።

«ትንሽ ቆዩ፣ ጋሽ ካሃ» አለ። «እየተናገረ ነው።»

እግሮቹን አስፍቶ ቆመ። ኢፑይ ተናግሮ እስኪጨርስ ድረስ ከእንጨቱ ስር ላለመውጣት ወሰነ።